ሦስት ቀን በናጋሳኪ



«ዕረፍት» የሚለው ቃል በእኛ በሠራተኛ እናቶች ዘንድ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው በመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ቅጽ ላይ የሚጻፈው ነው። ሁለተኛው እውነተኛው ዕረፍት ሲሆን፣ እርሱን ብዙዎቻችን በስም ብቻ ነው የምናውቀው። ፈቃድ ስንወጣ በርበሬ እንቀነጥሳለን፤ መጋረጃ እናጥባለን፤ ሳንደርስ የቀረንበትን ለቅሶ እንደርሳለን። ፈቃዱ ሲያልቅም ከመውጣታችን በፊት ከነበርነው የበለጠ ደክመን ወደ ሥራ እንመለሳለን።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የማወጋችሁ ስለ አንድ አጭር ዕረፍትና ስለ ዕቅዱ ነው። በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚሰጥ የስድስት ሳምንት ሥልጠና ላይ ለመካፈል በጃፓን ኪታኪዩሹ ከተማ ነበርኩ። ኪታኪዩሹ ኪዩሹ በምትባለው ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኝ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የፋብሪካው ጭስ ያሰጡትን ልብስ ያጠቁርባቸው የነበሩ የቤት እመቤቶች ተሰባስበው ጭሱ እንዲገታ በመታገላቸው፣ ከተማዋ ዛሬ የንጹሕ አየር ምሳሌ ተደርጋ ትጠቀሳለች። ሥልጠናው ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የጃፓን የባህል ቀን በሰኞ ዋለና ሦስት ተከታታይ የዕረፍት ቀናት አገኘን። በጃይካ አማካይነት ወይም በሌላ መንገድ ለሥልጠና ወደ ጃፓን የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ስላልሆኑ፣ የእኔ ልምድ ለአንዳንዶቻችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ዕቅድ

እኔና ሁለት ኢትዮጵያውያት የሥልጠና ጓደኞቼ መጀመሪያ ያወጣነው ዕቅድ አራት ከተሞችን የያዘ ነበር። ፉኩኦካ፣ ሂሮሺማ፣ ኦሳካና ኪዮቶ በሦስት ቀን! እዚህ ድረስ መጥቶ ይህን ሳያዩ መመለስ ሞኝነት መሰለን። ዕቅዳችንን በሥልጠናው ቦታ ለሚረዱን አንዲት ጃፓናዊት አዛውንት አሳየናቸው። አዛውንቷ እርሳስ አንሥተው በባቡር ውስጥና በጣቢያ የምናሳልፈውን ሰዓት ደመሩ። ከዚያም ወረቀቱን ወደ እኛ አዙረው፣ «የምታዩት ባቡሩን ነው» አሉን።

የገንዘቡም ነገር ነበረ። የፈጣኑ ባቡር ዋጋ ቀላል አይደለም። ለውጭ አገር ጎብኚዎች በቅናሽ የሚሸጠው የባቡር ማለፊያ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ጎብኚነት ለገቡ ብቻ የተፈቀደ በመሆኑ፣ በሥልጠና ቪዛ የገባ ሰው ሊገዛው አይችልም። እኔም ከውሎ አበሌ ያጠራቀምኩት ገንዘብ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ጫማና የታናሽ እኅቱን ሹራብ የሚጠብቅ ነበር። በዚያ ማታ ወደ ቤት ደወልኩ። ልጆቹን የሚጠብቁልኝ አማቴ ናቸው። ገንዘቡን ለጉዞ ማዋል እንዳሳሳኝ ስነግራቸው፣ «ጫማ መርካቶም አለ፤ ሂጂና ዓይንሽ አይቶ ይምጣ» አሉኝ። እኔ እንግዲህ በእርሳቸው ምክር ነው የሄድኩት።

የደመናው ጉዳይ

አንድ ከተማ ብቻ እንምረጥ ስንባባል ናጋሳኪን ያስመረጠን በአንድ መናፈሻ ውስጥ ያየነው ነገር ነው። የኪታኪዩሹ አንድ ክፍል በሆነችው በኮኩራ፣ ካትሱያማ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ የናጋሳኪ ደወል የሚባል አንድ ደወልና የመታሰቢያ ሐውልት ቆመዋል። በኮኩራ መናፈሻ የናጋሳኪ መታሰቢያ ምን ያደርጋል ብለን ጠየቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1945 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ አውሮፕላን ሁለተኛውን የአቶሚክ ቦምብ ጭኖ የመጣው ወደ ኮኩራ ነበር። ኮኩራ ግን በደመናና በጭስ ተሸፍና ነበርና አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ቢመላለስም ዒላማውን ማየት አልቻለም። ስለዚህ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ቦምቡ ከናጋሳኪ ሰማይ ላይ ፈነዳ። እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ድረስ ወደ 74 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ።

እኛ ለስድስት ሳምንት የተኛንበት፣ ዳቦ የገዛንበት፣ ልጆች ቦርሳ አዝለው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያየንበት ከተማ በደመና ምክንያት ተርፎ ነበር። ይህን ከሰማን በኋላ ስለ ሌላ ከተማ አልተነጋገርንም።

ጉዞውና ጓዙ

ናጋሳኪ ከኪዩሹ ደሴት በስተምዕራብ ያለች፣ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት መካከለኛ ከተማ ናት። ከኮኩራ በፈጣን ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዞ ሃካታ ይደረሳል። ከዚያ በሌላ ባቡር እስከ ታኬኦ ኦንሰን፣ ቀጥሎም በዚያው መቆሚያ ማዶ ለማዶ ተቀይሮ ካሞሜ በተባለው ፈጣን ባቡር እስከ ናጋሳኪ ነው። ይህ የመጨረሻው መስመር የተከፈተው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ከሃካታ ያለው ጉዞ በጠቅላላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ በአውቶቡስ ሊሄድ ይችላል፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ ዋጋው ይቀንሳል። እኛ በባቡር ሄደን በአውቶቡስ ተመለስን።

ወቅትን በሚመለከት፣ የመጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ እንዲሁም ጥቅምትና ኅዳር የተሻሉ ናቸው። ሰኔና የሐምሌ መጀመሪያ ዝናብ ይበዛበታል፤ ነሐሴ ደግሞ ሙቀቱ ይከብዳል፤ አውሎ ነፋስም ሊመጣ ይችላል። የጃፓን የበዓል ቀናት ከሆኑ፣ እንደ እኛ፣ ማደሪያና የባቡር ወንበር አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። በሥልጠና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ለአዘጋጆቹ ነግሮ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ስለ ስንቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቶቻችን መንገደኛ ሲሸኙ ቋንጣ ማስያዝ ይወዳሉ። ወደ ጃፓን ግን ያለ ልዩ የምስክር ወረቀት ማንኛውንም የሥጋ ውጤት ማስገባት ክልክል ነው፤ ቋንጣውን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወስዱታል። ቆሎና በሶ ጥሩ ስንቅ ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል 100 ቮልት ብቻ ስለሆነ ካውያ ከአገር ቤት ይዞ መሄድ አይጠቅምም። ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ብዙ ነውና የተቀደደ ካልሲ ቤት ይቅር! ሶፍትና የቆሻሻ መያዣ ፌስታልም ያዙ፤ በመንገድ ላይ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እምብዛም አይገኝም፤ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።

ቅዳሜ፦ ወደቡ

ናጋሳኪ በተራሮች የተከበበ ወደብ ናት። ቤቶቹ በተራራው ወገብ ላይ ተደራርበው ሲታዩ የእኛን የጎንደርን ወይም የደሴን ዳገት ያስታውሳሉ። በከተማዋ ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የጎዳና ባቡር አለ። መስመሮቹ በቁጥርና በቀለም የተለዩ ስለሆኑ ጃፓንኛ የማያነብ ሰው አይቸገርም። ሒሳቡ የሚከፈለው ሲወረድ ነው። የቀኑን ሙሉ ቲኬት አስቀድሞ ከሆቴል ወይም ከጎብኚዎች ማስታወቂያ ክፍል መግዛት ይሻላል፤ ባቡሩ ውስጥ አይሸጥም። እኛ ይህን ያወቅነው ሾፌሩ ፊት ቆመን ሳንቲም ስንለቃቅም ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዴጂማን አየን። ዴጂማ በ1636 እ.ኤ.አ. በማራገቢያ ቅርጽ የተሠራች ትንሽ ሰው ሠራሽ ደሴት ነበረች። ጃፓን በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ በኖረችበት ከ200 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ፣ የሆላንድ ነጋዴዎች ብቻ በዚያች ደሴት ታጥረው ይነግዱ ነበር። ዛሬ ባሕሩ በዙሪያዋ በአፈር ስለተሞላ ደሴትነቷ ቀርቷል፤ የጥንቶቹ ቤቶች ግን እንደገና እየታነጹ ነው።

በዴጂማ ይሠራ የነበረ ሲቦልድ የሚባል ሐኪም ከአንዲት ጃፓናዊት ሴት ልጅ ወልዶ ነበር። ልጅቷ ኩሱሞቶ ኢኔ ትባላለች። በ1827 እ.ኤ.አ. ተወልዳ ሁለት ዓመት ሲሆናት አባቷ ከጃፓን ተባረረ። ሴት ልጅ ሐኪም ትሆናለች ተብሎ በማይታሰብበት በዚያ ዘመን፣ በአባቷ ደቀ መዛሙርት ዘንድ ሕክምና ተምራ፣ በምዕራባውያን ሕክምና ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ጃፓናውያት አንዷ የማዋለጃ ሐኪም ሆነች። በ1873 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥቱ ቤት ለማዋለድ እስከ መጠራት ደርሳለች። ከጓደኞቼ አንዷ አዋላጅ ነርስ ናት። በዚያች ሰፈር ረዥም ሰዓት የቆየነው በእርሷ ምክንያት ነው።

ስለ ምግብ ደግሞ እነሆ። የከተማዋ ስመ ጥር ምግብ ቻምፖን ይባላል። ወፍራም ፓስታ፣ አትክልትና የባሕር ምግብ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ተቀላቅሎ የሚቀርብ ነው። አንድ ቻይናዊ የምግብ ቤት ባለቤት ከቻይና ለመጡ ተማሪዎች ርካሽና የሚያጠግብ ምግብ ብሎ የፈጠረው ነው ይባላል። መረቁ ግን ከአሳማ አጥንት የሚሠራ ነው። ከሦስታችን አንዷ ሙስሊም፣ አንዷ የጽጌን ጾም የምትጾም፣ እኔም አሳማ የማልበላ ስለሆንን በሽታው ብቻ አለፍን። መፍትሔው ኦኒጊሪ ሆነ። ይህም በየሱቁ የሚገኝ፣ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ድቡልቡል ሲሆን፣ በመካከሉ ኡሜቦሺ የተባለ ጎምዛዛ ፍሬ ያለበትን ከመረጡ የጾም ነው። ሾርባና ወጥ መሰል ነገር ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ መረቅ እንዳለበት ግን አትርሱ።

እሑድ፦ ኡራካሚ

በሁለተኛው ቀን ቦምቡ ወደ ወደቀበት ወደ ኡራካሚ ሸለቆ ሄድን። ለዚህ ቀን ሌላ ምንም ዕቅድ አትያዙ። ዕቅዳችን ላይ ከሰዓት በኋላ ገበያ መውጣት የሚል ነበረ፤ እኛው ሰረዝነው።

በሙዚየሙ ውስጥ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ የቆመ የግድግዳ ሰዓት አለ። የአንዲት ተማሪ የምሳ ዕቃም አለ፤ በውስጡ ያለው ሩዝ ከስሏል። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በየማለዳው የልጆቼን የምሳ ዕቃ የምዘጋው እኔ ነኝና፣ ያንን ክዳን የዘጋችውን እናት አሰብኳት። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ትንንሾቹን ወደ ሙዚየሙ አላስገባም፤ ከውጭ ያሉት መናፈሻዎችና ዛፎች ለእነርሱ ይበቃሉ። ማስገባት ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩትና ወስኑ።

በሰላም መናፈሻው ውስጥ አንድ የውኃ ፏፏቴ አለ። የተሠራውም የተቃጠሉት ሰዎች ውኃ እየለመኑ ስለሞቱ ነው። ጃፓናውያን ወደ መታሰቢያዎቹ ሲመጡ ውኃ ያቀርባሉ። እኛም ከያዝነው ጠርሙስ አፈሰስን።

ከዚያ በእግራችን ወደ ሺሮያማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጣን። ትምህርት ቤቱ ቦምቡ ከፈነዳበት ቦታ በስተምዕራብ 500 ሜትር ያህል ይርቃል። ከተማሪዎቹ 1 ሺህ 400 ያህሉ በየቤታቸው ሳሉ እንዳለቁ ይገመታል። ዛሬም ልጆች ይማሩበታል፤ የተረፈው የአሮጌው ሕንፃ ክፍል ደግሞ መታሰቢያ ሆኗል። በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ሕንፃ የተወሰነው ለአንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ቢሮነት ተሰጥቶ ስለነበር፣ በዚያ እንዲሠሩ ከተመደቡት ልጃገረዶች አንዷ የ15 ዓመቷ ሃያሺ ካዮኮ ነበረች። እርሷም እዚያው ሞተች። እናቷ በ1949 እ.ኤ.አ. በልጃቸውና በጓደኞቿ ስም በትምህርት ቤቱ ግቢ የቼሪ ችግኞችን ተከሉ። ዛፎቹ እስከ ዛሬ የካዮኮ ቼሪ እየተባሉ ይጠራሉ፤ ከእነርሱም የተገኙ ችግኞች ወደ ሌሎች ቦታዎች ተወስደው ተተክለዋል። እኛ በሄድንበት ወቅት አበባ አልነበራቸውም፤ ቅጠላቸው ቀልቶ ይረግፍ ነበር።

ሌላም እናት ልንገራችሁ። ዋታናቤ ቺዬኮ የ16 ዓመት ልጅ ሳለች በፋብሪካ ውስጥ ጀርባዋ በተደረመሰው ብረት ተሰብሮ ዕድሜ ልኳን መቆም አልቻለችም። በ1956 እ.ኤ.አ. የኑክሌር መሣሪያን የሚቃወም ዓለም አቀፍ ስብሰባ በናጋሳኪ ሲደረግ፣ እናቷ ተሸክመው መድረክ ላይ አወጧትና በሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ ተናገረች። በዚያው ሰሞን ከቦምቡ የተረፉት ሰዎች ማኅበር፣ ኒሆን ሂዳንኪዮ፣ እዚያው ናጋሳኪ ተመሠረተ። ይህ ማኅበር ነው በ2024 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማትን የተቀበለው። ሽልማቱን ስናስብ ከመድረኩ ሥር ያሉትን ተሸካሚ እናቶችም እናስብ።

ወደ ማታ ሳኖ ከሚባለው የሺንቶ መቅደስ ደረስን። በሩ በአንድ እግሩ ብቻ ቆሟል፤ ሌላውን እግሩን ቦምቡ ጥሎታል። በውስጥ ያሉት ሁለት ታላላቅ የካምፎር ዛፎች በዚያን ቀን ተቃጥለው ደርቀው ነበር፤ ሞቱ ሲባሉ እንደገና አቆጠቆጡ። እንደ ዋርካ ሰፊ ጥላ አላቸው። ከሥራቸው ተቀምጠን ቆሎአችንን በላን። ብዙም አልተነጋገርንም። እኛም ጦርነትን በወሬ ብቻ የምናውቅ ሕዝብ አይደለንምና፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሰው ሳናስብ አልቀረንም።

ሰኞ፦ መሰናበቻ

ለመጨረሻው ቀን ቀላል ነገር ብቻ አስቀሩ። እኛ ጠዋት ኦውራ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አየን። ክርስትና በጃፓን ከ1614 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሪቱ በመታገዱ፣ የናጋሳኪ አካባቢ ምእመናን ሃይማኖታቸውን ደብቀው፣ ጸሎቱን በቃላቸው ከወላጅ ወደ ልጅ እያስተላለፉ 250 ዓመት ያህል ኖረዋል። በ1865 እ.ኤ.አ. ከእነርሱ ጥቂቶቹ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ማንነታቸውን ለፈረንሳዊው ቄስ ገለጡ፤ ቀርባ በሹክሹክታ የነገረችውም አንዲት ሴት ናት። ዘሮቻቸው በኡራካሚ ያነጹትን ካቴድራል ቦምቡ አፈረሰው፤ በ1959 እ.ኤ.አ. እንደገና ተሠራ። ከሁለት ደወሎቹ ተሰብሮ የቀረው አንዱ በአሜሪካውያን ምእመናን ስጦታ ተተክቶ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. በ80ኛው ዓመት መታሰቢያ ቀን ሁለቱ ደወሎች አብረው ተደወሉ።

ከመሳፈራችን በፊት ካስቴላ የሚባለውን ኬክ ገዛን። ከእንቁላል፣ ከስኳርና ከዱቄት የሚሠራ፣ ፖርቱጋሎች ለናጋሳኪ ያስተማሩት ኬክ ነው። ከአውሮፕላን ጉዞ ሳይበላሽ ይደርሳል፤ በሳጥን ሆኖ ብዙ ቦታም አይዝም። የልጄ ጫማ ግን አልተገዛም።

ከቤት ስደርስ

በሦስተኛው ቀን ማታ ይሆናል፣ ልጄ ካስቴላውን እየበላ ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ። ስለ ጎዳናው ባቡር፣ ስለ አንድ እግሩ በር፣ ስለ ዛፎቹ ነገርኩት። ስለ ምሳ ዕቃው አልነገርኩትም፤ ለእርሱ ጊዜ አለው። ስለ ደመናው ግን ነገርኩት።

ጥቂት አሰበና፣ «ደመናው ባይኖር ኖሮ አንቺ የተማርሽበት ከተማ ላይ ነበር የሚወድቀው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ታዲያ ደመናው ጥሩ ነበር?»

አማቴ ቡናቸውን ይዘው ይሰሙ ነበር። እኔ ለመመለስ ስፈራ እርሱ ራሱ ቀጠለ፤ «ግን ናጋሳኪም ልጆች ነበሩ» አለ። «ነበሩ» አልኩት። አማቴም፣ «ጫማው ከዚህ ይገዛል» ብለው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ሦስት ቀን አግኝታችሁ ሩቅ አገር ብትሆኑ፣ አንድ ከተማ ምረጡ። የምታዩትን ጽፋችሁ ከወረቀቱ ላይ ግማሹን ሰርዙ። ለእግራችሁ ማረፊያ፣ ለሐሳባችሁ ደግሞ ባዶ ከሰዓት በኋላ ተዉለት። ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትነግሩትንም ይዛችሁ ተመለሱ። ጃፓን ሩቅ ቢሆንም ይኸው ዕቅድ ለሐረርም፣ ለጅማም፣ ለአክሱምም ይሠራል።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ዕረፍት።